ስለ ጨዋማ ውኃ ማትነኛ ኩሬ፤ ቶሎ የሚደርቅ ኩሬ ሊመሰገን አይገባውም

ዝናብ በማይበቃውና ፀሐይ በሚበረታበት ቆላ መስኖ ሲገባ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው ሁሉም ደስ ብሎት የሚቀበለው አዝመራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማሳው ዳርና በቦዩ ጠርዝ ላይ እንደ አመዳይ ነጥቶ የሚታየው ጨው ነው። የወንዙ ውኃ የቱንም ያህል ጣፋጭ ቢሆን ከጨው ፈጽሞ የነጻ ወንዝ የለም። በአንድ ሊትር ውስጥ የግራም ሲሶ ብቻ ጨው ያለበትን ውኃ አንድ ገበሬ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ያህል በአንድ ሄክታር ላይ ቢያጠጣ፣ ከ30 ኩንታል የማያንስ ጨው በገዛ እጁ ወደ ማሳው አስገባ ማለት ነው። ተክሉ ውኃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም የበኩሏን ትወስዳለች፤ ጨዉን ግን ሁለቱም ለመሬቱ ትተውለት ይሄዳሉ።

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር የታየው ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ ጥጥ በስፋት በተዘራበት በዚያ ሜዳ፣ ከመስኖው በፊት ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይ እየወጣ በብዙ ማሳዎች ከተክሉ ሥር ደረሰ። ውኃው ወደ ላይ በቀረበ ጊዜ ፀሐይ በአፈሩ በኩል እንደ ክር እየሳበች ጨዉን ከላይ ታስቀምጠዋለች። አንዳንዱ ማሳ ምርቱ ቀነሰ፤ አንዳንዱም ጭራሽ ተተወ። ዛሬ ደግሞ በቆላው በመስኖ ስንዴ ለማምረት ብዙ መሬት በሚታረስበት ጊዜ ይህ ጉዳይ የጥጥ ገበሬ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራና የዳቦ ጉዳይ ሆኗል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መሬቱን በቦይ ወይም ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ ማንጣፈፍ፣ ጨዉንም በበቂ ውኃ አጥቦ ማውጣት ነው። ነገር ግን ከማሳው የወጣው ጨዋማ ውኃ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ገና ከማንጣፈፊያው አፍ ላይ ይጀምራል። በሌላ አገር ቢሆን ወደ ባሕር ይሂድ ይባል ነበር። አዋሽ ግን ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ በዚህ ተፋሰስ ውስጥ የገባ ጨው ሁሉ በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ይኖራል፤ የሚለወጠው ቦታው ብቻ ነው። የአሚባራን ጨው ወደ አዋሽ የመለሰ ሰው ለዱብቲና ለአሳይታ አጠጪና ጠጪ ላከው እንጂ አላጠፋውም።

ስለዚህ የማትነኛ ኩሬ ሐሳብ በየጊዜው መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይቆፈራል፤ ዙሪያው በአፈር ግድብ ይታጠራል፤ ጨዋማው ውኃ በውስጡ ይለቀቃል፤ ፀሐይም ሥራዋን ትሠራለች። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ባለሙያ አያበዛም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። በመካከለኛው አዋሽ በዓመት የሚዘንበው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከግልጽ ውኃ ላይ የሚተነው ግን ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ ከትነቱ ላይ ቢቀነስ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር፣ ማለት የአንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ውኃ፣ በየዓመቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው። እርግጥ ውኃው ጨው እየበዛበት በሄደ መጠን ትነቱ ይሰንፋል፤ ይሁን እንጂ ለሒሳብ መነሻ ይህ ይበቃል።

በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ያማረ ነው። ጉድለቱ ሒሳቡ ሰማዩን ብቻ ቆጥሮ መሬቱን መርሳቱ ነው። ኩሬ ሁለት አፍ አለው፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች የተከፈተ ነው። የላይኛው የሚወስደው ውኃውን ብቻ ሲሆን የታችኛው የሚወስደው ግን ውኃውን ከነጨዉ ነው።

የታችኛው አፍ ምን ያህል እንደሚውጥ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከኩሬው በታች ያለው አፈር በቀን የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ የሚያሳልፍ ጥብቅ ሸክላ ከሆነ፣ በዓመት የሚሰርገው ወደ 36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ከትነቱ ጋር ሲተያይ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር የሚያሳልፍ ከሆነ በዓመት 365 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ሄክታር ኩሬ ላይ 3,650 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ውኃው በሊትር አምስት ግራም ጨው ቢኖረው ከ180 ኩንታል በላይ ጨው በየዓመቱ በዝምታ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው፤ በኩሬው ውስጥ ጨው እየጠነከረ ሲሄድም ይህ ቁጥር ይጨምራል። በቀን አምስት ሚሊ ሜትር የሚያሳልፍ ከሆነ ግን በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰርጋል። በዚያን ጊዜ ከፀሐይ ይልቅ ብዙውን የሚጠጣው መሬቱ ነው፤ ኩሬውም የማትነኛ ኩሬ መባሉ ቀርቶ ጨውን ወደ ከርሰ ምድር የሚያስገባ ጉድጓድ መባል ይገባዋል።

እዚህ ላይ የእርሻ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያሳልፍ አፈር በገበሬ ዓይን እጅግ ጥብቅ አፈር ነው፤ መስኖ ያጠጣ ሰው ውኃ አልሰርግ አለኝ ብሎ የሚያማርርበት መረሬ እንኳ በብዙ ቦታ ከዚህ የበለጠ ያሳልፋል። ለሰብል ጥብቅ የተባለ አፈር ሁሉ ለኩሬ ጥብቅ አይደለም። ስለዚህ በአፈር ካርታ ላይ ከባድ ሸክላ የሚል ቃል አይቶ እንግዲህ ይበቃል ብሎ ማኅተም መምታት ከስንፍና የሚቆጠር ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የሚያፈስ ኩሬ ለተመልካች የሚሠራ ኩሬ ይመስላል። ሹሙ ለጉብኝት ሲመጣ ባለፈው ወር የሞላው ኩሬ ጎድሎ ያየዋል፤ ፀሐዩ እንዴት ያለ ኃይል አለው ብሎ ይደነቃል፤ ተጨማሪ ውኃ እንዲለቀቅበትም ያዛል። ጥብቅ በሆነ መሬት ላይ የተሠራው ጥሩ ኩሬ ግን ቀስ ብሎ ስለሚጎድል ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል። በሌላው የእርሻ ሥራ ሁሉ ቶሎ የሚሠራ ይመሰገናል፤ በዚህ ሥራ ግን ቶሎ የደረቀው ኩሬ ተይዞ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን እውነት ከማንም በላይ የሚያውቁት ጨው አምራቾች ናቸው። በአፋር አፍዴራ ሐይቅ ዳር የሐይቁን ውኃ በመኪና እየሳቡ በተደለደለ ገንዳ ውስጥ እያተነኑ ጨው የሚሰበስቡ ሰዎች፣ እንደዚሁም በምፅዋና በአሰብ የባሕር ውኃ ሲያተኑ የኖሩ ሠራተኞች የሚያወጡት ድካም ከኩሬ ሠሪው ድካም ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን ጨው አምራቹ አንድ ጋን የጠገበ ውኃ ወደ መሬት ቢሰርግበት ያን ያህል ጨው ከኪሱ ወጣ፤ ስለዚህ መሬቱን ይመርጣል፣ ይደመድማል፣ ይጠብቃል። ጨው ለማስወገድ ኩሬ የሚቆፍረው ግን ውኃው ቢሰርግበት ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነገር የለም፤ እንዲያውም ቀለለለት። ኪሳራው የሚደርሰው ከኩሬው ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ጉድጓድ ለቆፈረው ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። ሥራው ያለ ተቆጣጣሪ ሊተው የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። የአዋሽ ሜዳ ከላይ ሲታይ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለና አንድ ዓይነት ይመስላል። ከታች ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ወንዙ በሺህ ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ መንገዱን ለውጧል፤ በለወጠ ቁጥርም የተወው አሮጌ መውረጃ በአሸዋና በጠጠር ተሞልቶ፣ ከዚያም በላዩ ደለል ተነጥፎበት ተሰውሯል። ሁለት ሜትር ሸክላ ከላይ ያየ ሰው ደኅና ነው ሊል ይችላል፤ በሦስተኛው ሜትር ላይ የተቀበረ የአሸዋ ወንዝ ቢኖር ግን ኩሬው የተቆፈረው በቧንቧ ላይ ነው። ያም የተቀበረ መውረጃ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ወንዝ ወይም ሰዎች ጥሩ ውኃ አገኘንበት ብለው ጉድጓድ ወደሚቆፍሩበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው የስምጥ ሸለቆው ጠባይ ነው። ከደለሉ ሥር ወይም በሜዳው ዳር ያለው ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ሲታይ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እሳተ ገሞራ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀና በድንጋዩ ንጣፎች መካከል ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውኃ በውስጡ እንደ ልቡ ይመላለሳል። በዚያ ላይ ምድሩ ራሱ አላረፈም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ወር ጀምሮ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የምድር መንቀጥቀጥ ሲደጋገም መሬት ተሰንጥቋል፤ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቷል። በዚህ ዓይነት ስፍራ ስንጥቁ የሚያልፍበትን መስመር ሳያዩ የአፈር ግድብ መሥራት ለአንድ ክረምት ብቻ መሥራት ነው።

የከርሰ ምድሩ ውኃ በዚያ አገር ምን ያህል ያልታሰበ ነገር እንደሚያደርግ የበሰቃ ሐይቅ በቂ ምስክር ነው። በ1960ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው ይህ ሐይቅ ከጊዜ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ፣ የመተሐራን የሸንኮራ ማሳ፣ የጅቡቲን መንገድና የባቡር ሐዲድ አስጨንቋል። ውኃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። መስፋቱ ከአካባቢው መስኖ ከሚሰርገው ውኃና ከምድር ውስጥ ከሚመጣው ምንጭ የትኛው ያመዝናል በሚለው ላይ አጥኚዎች ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ራሱ ግን ሰው ከእግሩ በታች ያለውን ሳያውቅ ብዙ ውኃ እንዳንቀሳቀሰ ያሳያል።

እንግዲህ መሬቱ እንዴት ይጠየቅ? መጀመሪያው ሥራ መሰርሰሪያ ሳይነሣ የሚሠራ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣውን ሥዕል ዘርግቶ አሮጌ የወንዝ መውረጃዎችንና የስንጥቅ መስመሮችን መፈለግ፣ ከዚያም ቦታው ላይ ሄዶ የአገሩን ሽማግሎች መጠየቅ ነው። አፋሩ ጎርፍ መጥቶ የሚተኛበትንና መጥቶ የሚጠፋበትን ሜዳ ለይቶ ያውቃል፤ በየትኛው ቦታ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ጣፋጭ ውኃ እንደሚሰጥ፣ በየትኛውም ግመል እንኳ አልጠጣም እንደሚል ይናገራል። ጎርፍ መጥቶ በሁለት ቀን የሚጠፋበት ሜዳ ሽማግሌው በነጻ የነገረን ፈተና ነው። ይህን ሳይጠይቁ በከተማ ተቀምጦ ቦታ መምረጥ ለሽማግሌውም ንቀት፣ ለሥራውም ጉዳት ነው።

ቀጥሎ የመመርመሪያ ጉድጓድ ነው። ሰው ገብቶ የጉድጓዱን ግድግዳ በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በመሰርሰሪያ የወጣ አፈር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ የጣት ውፍረት ያላትን የአሸዋ ንጣፍ ይደብቃል፤ ውኃ ግን ያችን ንጣፍ አይስታትም። ጉድጓዶቹም በኩሬው መሐል ብቻ ሳይሆን በዳር ዳሩና ከኩሬው ውጭ ወንዙ ባለበት በኩል ሊቆፈሩ ይገባል። ከእነዚህ በኋላ የተወሰኑ ጥልቅ ጉድጓዶች ተሰርስረው የከርሰ ምድሩ ውኃ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድና ጣዕሙ ምን እንደሆነ ይለካል። ውኃው አስቀድሞ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ካለ ኩሬው የሚሰርገውን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለ በዙሪያው ያለው ማሳ ይረጥባል፤ ጨውም ተመልሶ ይመጣል። ማሳን ለማዳን የተቆፈረ ኩሬ ጎረቤት ማሳን ሲገድል ማየት አሳዛኝ ነው።

ስለ ስርገት መለኪያው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ የብረት ቀለበት በመሬት ላይ ተተክሎ ከቅርብ ቦይ በተቀዳ የወንዝ ውኃ ተሞልቶ በሰዓት ምን ያህል እንደጎደለ ማየት ነው። ነገር ግን ሸክላ በጣፋጭ ውኃና በጨዋማ ውኃ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። በጣፋጭ ውኃ፣ ይልቁንም አፈሩ ሶዲየም የበዛበት ሲሆን፣ ሸክላው ያብጣል፤ ይበታተናል፤ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል። ጨው የበረታበት ውኃ ሲያገኘው ግን ይሰበሰባል፤ ቀዳዳው ይከፈታል፤ የሚያሳልፈውም ይጨምራል። ስለዚህ በወንዝ ውኃ የተፈተነ መሬት ጥብቅ ነው ተብሎ ተመስክሮለት፣ እውነተኛው ጨዋማ ውኃ በገባበት ጊዜ ምስክሩን ሐሰተኛ ሊያደርግ ይችላል። መፈተኛው ውኃ ወደ ኩሬው ከሚገባው ውኃ የተቀዳ፣ ፈተናውም ለሰዓታት ሳይሆን ለብዙ ቀናት የቆየ ሊሆን ይገባል።

መረሬን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ አፈር ርጥብ ሆኖ ሲያብጥ ከማንኛውም አፈር የተሻለ መደፈኛ ነው፤ ሲደርቅ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በበጋ ደርቆ በክረምት የሚሞላ ኩሬ በየዓመቱ በዚያ ስንጥቅ የመጀመሪያውን ውኃ ወደ ታች ይልካል። ስለሆነም ኩሬው በሁለትና በሦስት ክፍል ተከፍሎ ቢያንስ የታችኛው ወለል ሁልጊዜ ርጥብ እንዲሆን ማድረግ፣ ካልሆነም ወለሉን በሚገባ መደምደም ወይም በፕላስቲክ ጨርቅ መሸፈን ያሻል። የፕላስቲኩ ዋጋ ትልቅ ኩሬን የማይቻል ሊያደርገው ይችላል፤ ይህንንም አስቀድሞ የሚናገረው ምርመራው ነው።

መሬቱ ብቻ ሳይሆን ውኃውም ይጠየቃል፤ ጨው የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናልና። በዚህ ረገድ በአሜሪካ በካሊፎርንያ በኬስተርሰን የሆነው የእርሻ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው። በሳን ዋኪን ሸለቆ ምዕራብ ዳር የሚገኘው የመስኖ መሬት እንደ አዋሽ ሁሉ ጨው ስላስቸገረው፣ ውኃውን ወደ ባሕር ወሽመጥ የሚያደርስ ረጅም ቦይ ተጀመረ። ቦዩ በገንዘብ እጥረትና በተቃውሞ ምክንያት ባሕሩ ሳይደርስ በመንገድ ቆመ፤ መጠራቀሚያ እንዲሆኑ የታሰቡት 12 ኩሬዎችም የመጨረሻ ማረፊያ ሆኑ። ውኃው በከፊል ይተናል፣ በከፊልም ይሰርጋል ተብሎ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1983 በኩሬዎቹ ዳር የሚፈለፈሉ የውኃ ወፎች ጫጩቶች ዓይን የሌላቸው፣ መንቁራቸው የተጣመመ፣ እግራቸው የጎደለ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሴሌንየም የሚባል ንጥረ ነገር ነበር።

ሴሌንየሙ ከየት መጣ? ከመድኃኒት ወይም ከማዳበሪያ አልመጣም፤ ከተራራው መጣ። በሸለቆው ምዕራብ ያለው ተራራ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል የነበረ ድንጋይ ነው፤ ከእርሱ የተሸረሸረው አፈር ሴሌንየሙን ይዞ ሜዳው ላይ ተነጠፈ፤ መስኖው አጠበው፤ ቦዩ ሰበሰበው፤ ኩሬው አጠነከረው። ጂኦሎጂስት ከተራራው ላይ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ቢመረምር ኖሮ አስቀድሞ ሊናገረው ይችል የነበረ ነገር ነው። በ1985 ኩሬዎቹ እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በ1986 ቦዩ ተደፈነ፤ በ1988 ደግሞ ዝቅ ያሉት ቦታዎች በአፈር ተሞሉ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። የአዋሽ ድንጋይ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ በዚያ በኩል መጠርጠር የሚገባው ይልቁንም ፍሎራይድ፣ ቦሮንና አርሴኒክ ነው። የሚጠረጠረው ነገር ስሙ ይለወጣል እንጂ አለመጠርጠር አይፈቀድም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ከንቱ አይደሉም። አንደኛው፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ቀድሞውኑ ከባሕር የባሰ ጨዋማ በሆነበት ቦታ ትንሽ ስርገት ምን ይጎዳል የሚል ነው። ይህ እውነት አለው። በአውስትራሊያ በመሪ ወንዝ ተፋሰስ ከሥራቸው ያለው ውኃ ለምንም የማይጠቅም በሆነበት ስፍራ የተሠሩ ኩሬዎች አሉ፤ የሚሰርገውም በዙሪያቸው በተቆፈረ ቦይ እየተሰበሰበ ተመልሶ ወደ ኩሬው እንዲገባ ሊደረግ ይችላል። ነገር ግን ይህንን የሚለው ሰው ከሥሩ ያለውን ውኃ ለክቶ ሊለው ይገባል። ሳይለኩ ጨዋማ ነው ማለት ሳይለኩ ጥብቅ ነው ከማለት አይሻልም። ሁለተኛው፣ ጊዜ ራሱ ኩሬውን ይደፍነዋል የሚል ነው፤ ደለሉ፣ አረንቋውና የሚዘቅጠው ጀሶ ወለሉን በእርግጥ ያጠብቁታል፤ አሸዋን ግን ሸክላ አያደርጉትም።

ሦስተኛው መከራከሪያ በግልጽ የማይነገር ሆኖ ከሁሉም የበረታ ነው። ይኸውም መሬቱ እንደሆነ ጠፍ ነው የሚለው ነው። ለኩሬ የሚመረጠው ቦታ ብዙውን ጊዜ ማረሻ ያልነካው፣ ባለቤቱ በመዝገብ ያልተጻፈ ሜዳ ነው። ግን ማረሻ አለመንካቱ ጠፍ አያደርገውም። ያ ሜዳ የከብትና የግመል ግጦሽ ነው፤ በበጋ የሚሸሽበት ነው፤ ጉድጓዱም እዚያው አለ። ቦታ በጥብቅነቱ ሳይሆን ተከራካሪ ባለመኖሩ ከተመረጠ፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ተወስኗል ማለት ነው። ነፋስም አለ፤ የደረቀ ኩሬ ጨዉን እንደ አቧራ ያነሣዋል። ጎርፍም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሕዝብ ሲያፈናቅል የወንዙን ዳር ግድቦች አልማረም። በጎርፍ መሬት ላይ ያለ ኩሬ የዐሥር ዓመት ጨው በአንድ ሌሊት ለወንዙ ይመልሳል።

ስለ ወጪ የሚነሣው ነገር ብዙ አያከራክርም። ጥቂት ጉድጓዶች፣ የጥቂት ወራት ልኬትና የላቦራቶሪ ዋጋ ግድቡን ከመሥራት ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ አስቸጋሪው ገንዘቡ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በክረምትና በበጋ ከፍታው ስለሚለያይ ልኬቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይፈልጋል፤ ፕሮጀክት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ይቸኩላል።

ስለዚህ የማንጣፈፊያ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ የመሬቱ ምርመራ ሪፖርት ከግድቡ ንድፍ ጋር ተያይዞ ካልቀረበለት ፈቃዱን መያዝ ይገባዋል። የመመልከቻ ጉድጓዶቹ ኩሬው ከመሞላቱ በፊት ይተከሉ፤ ከሞላ በኋላ የተተከለ ጉድጓድ የቀድሞው ውኃ ምን እንደነበረ ሊናገር አይችልምና። ኩሬው ሥራ ከጀመረ ወዲያ የሚደረገው ሒሳብም ቀላል ነው፤ የገባው ክሎራይድ ይጻፋል፤ በኩሬው ውስጥ ያለው ይለካል፤ ሁለቱ ካልተመጣጠኑ የጎደለው ከታች ነው። ሁለቱም ልኬቶች ከተራ ላቦራቶሪ አቅም በላይ አይደሉም። ውጤቱም በከተማ መዝገብ ቤት ተቆልፎ ከሚቀመጥ ይልቅ በየሦስት ወሩ ለወረዳው የውኃ ኮሚቴና በኩሬው አቅራቢያ ጉድጓድ ላላቸው የጎሣ ሽማግሎች በሚያውቁት ቋንቋ ይነበብ፤ ግመሉ ውኃ አልጠጣም ባለ ማግስት የሚያመለክቱበት ቦታና የሚቀበላቸው ሰውም አስቀድሞ ይታወቅ።